የቴሌኮም ኩባንያ ለሠራተኛው እንዴት ነው? ከጎጃም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ትንሽ የሞባይል ሱቅ አለኝ። ቀኑን ሙሉ የምሰማው ጥያቄ "የቱ ኔትወርክ ይሻላል?" የሚለው ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሌላ ጥያቄም ተጨምሯል። ልጁ የተቀጠረለት አባት፣ አክሲዮን የገዛች መምህርት፣ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት መጥተው "ድርጅቱ ለሠራተኛው እንዴት ነው?" ይሉኛል። አንድ ቦታ ሰብስቤ ልመልሰው ብዬ ነው። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር። ሲም እሸጣለሁ፣ የሞባይል ገንዘብም አሠራለሁ፤ ከኮሚሽን የምበላ ሰው ነኝ። ይህን እያሰባችሁ አንብቡኝ።

ኔትወርኩ ከሠራልኝ የሠራተኛው ነገር ምን አገባኝ?

ያገባችኋል። ኔትወርክ በሰው ነው የሚሠራው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሳ ሰው አለ። ሌሊት ባትሪና ኬብል እንዳይሰረቅ የሚያድር አለ። በዝናብ ማማ ላይ የሚወጣ አለ። እነዚህ ሰዎች ደመወዛቸው ሁለት ወር ከዘገየ ውጤቱ እናንተ ስልክ ላይ ይታያል።

ሌላም አለ። ሲም የሚሸጥ ልጅ በቀን ይህን ያህል ካላስመዘገብክ ምንም አታገኝም ከተባለ፣ በእናንተ መታወቂያ የማታውቁትን ቁጥር የማውጣት ፈተና ይገጥመዋል። ጥፋቱ የልጁ ነው፤ ግፊቱ ግን ከላይ የወረደ ነው። ባልተመዘገበ ሲም ጣጣ የመጣውን ነገር ለማየት ናይጄሪያን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2015 የደቡብ አፍሪካው ቴሌኮም ኩባንያ ኤምቲኤን ከ5 ሚሊዮን በላይ በአግባቡ ያልተመዘገቡ ሲሞችን ባለመዝጋቱ 5.2 ቢሊዮን ዶላር ተቀጣ። በኋላ በድርድር ወደ 330 ቢሊዮን ናይራ ወረደለት። የሽያጭ ሩጫ ሲያይል ምዝገባ ይላላል፤ በመጨረሻ የሚጎዳው ደግሞ ደንበኛው ነው።

እሺ፣ ለመመዘን ከየት ልጀምር?

ከጫፉ። ማስታወቂያውን ለመጨረሻ አቆዩት። የጎጃም ሰው ጤፍ ሲገዛ እጁን ጆንያው ውስጥ ከትቶ ከሥር ይዘግናል እንጂ ከላይ የተነሰነሰውን ብቻ አይቶ ገንዘብ አይቆጥርም። ኩባንያም እንደዚያው ነው። አዲስ አበባ ባለ መስታወት ሕንፃ ውስጥ ቡና የሚጠጣው መሐንዲስ ደህና እንደሚከፈለው እናውቃለን። እሱ ስለ ኩባንያው ብዙ አይነግረንም።

ከማርቆስ ወደ ደጀን ስትሄዱ ሉማሜን አለፍ ብላችሁ ከመንገዱ ወዲያ የምታዩትን ማማ ጠጋ በሉት። ከሥሩ የቆርቆሮ ዳስ አለች። ጋቢ የደረበ፣ ዱላ የያዘ ሰው ወጥቶ "ምን ልታዘዝ?" ይላችኋል። አያ ብላችሁ ሰላም በሉትና ስለ ኔትወርክ ሳይሆን ስለ ራሱ ጠይቁት። ደመወዝህን የሚከፍልህ ማን ነው? ስንተኛው ቀን ላይ ይገባል? እሁድ የሚተካህ አለ? ይህን የዝናብ ልብስ ማን ሰጠህ?

አንዱን እንዲህ ብዬ ጠይቄው የደመወዝ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። አራት ቦታ ታጥፎ ጠርዙ ላልቷል። ማማው ላይ የተለጠፈው ስም ወረቀቱ ላይ የለም። ያለው የአንድ ጥበቃ ኤጀንሲ ማህተም ነው። የዝናብ ልብሱን ከቡሬ ገበያ በራሱ ገንዘብ ገዝቶታል። ተተኪ ሲታመም ሁለት ፈረቃ ይውላል፣ ለሁለተኛው የሚጨመርለት የለም። ክፉ ነገር አልተናገረም። "ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል" አለኝ። ኩባንያውን ስገመግም ከዓመታዊ ሪፖርቱ ይልቅ ያቺ ወረቀት ትቀድምብኛለች።

ጥበቃው የኤጀንሲ ከሆነ ታዲያ ኩባንያው ምን አደረገ?

ይህ ክርክር ሁሌም ይነሳል። በሕግ ዓይን አሠሪው ኤጀንሲው ነው፤ በኤጀንሲ ማሠራትን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ይፈቅዳል። በሥነ ምግባር ዓይን ግን ጉዳዩ እዚያ አያበቃም። ጨረታውን ያወጣው ማን ነው? ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል ብሎ የወሰነው ማን ነው? የጥበቃ ኤጀንሲ ዋና ወጪው ደመወዝ ነው። ዋጋ ሲሰብር የሚሰብረው ከጥበቃው ኪስ ነው፣ ሌላ ከየትም አያመጣውም። ስለዚህ በርካሽ የተዋዋለ ኩባንያ የጥበቃውንም ደመወዝ አብሮ ወስኗል ማለት ነው።

ጥሩ የሚባለው ኩባንያ ውሉ ላይ ሁለት ነገር ያስገባል። አንደኛ፣ ከምከፍልህ ገንዘብ ይህን ያህሉ ለሠራተኛው ይድረስ ይላል። ሁለተኛ፣ የጡረታ መዋጮ ገቢ የተደረገበትን ማስረጃ በየወሩ አምጣ ይላል። ጡረታ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ነው። ከሠራተኛው 7ቱን ቆርጦ ገቢ የማያደርግ አለ። ይህ ስርቆት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ዣንጥላ ሥር ሲም የሚሸጡት ልጆች የኩባንያው ሠራተኞች ናቸው?

ብዙዎቹ በወረቀት አይደሉም። ቲሸርቱ የኩባንያው ነው፣ ዣንጥላው የኩባንያው ነው፣ ልጅቷ ግን "የኮሚሽን ወኪል" ትባላለች። አንዳንዴ በኩባንያውና በእሷ መካከል ሌላ አከፋፋይ አለ። ከአከፋፋዩም ሥር ሌላ አለ።

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጅቷ ታብሌት ይዛ የአንድ ገበሬ መታወቂያ ፎቶ ታነሳለች። ፀሐይ መታወቂያው ላይ እያንፀባረቀ ፎቶው አይነበብም። በጥላዋ ከልላ እንደገና አነሳች። ሲስተሙ ቆመ። ገበሬው "እቴ፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው" እያለ ነው። ሦስተኛው ላይ ተሳካ፣ ግን ኔትወርኩ ሄደና ምዝገባው አልተላከም። ሰውየው ጥሏት ሄደ። ለዚያ ሁሉ ድካም ያገኘችው ዜሮ ነው፣ ምክንያቱም የሚከፈላት ለተጠናቀቀ ሲም ብቻ ነው። ኔትወርኩ የቆመው በኩባንያው ችግር ነው፣ ኪሳራው የእሷ ሆነ። ይህ ነው እኔን የሚያናድደኝ። ኮሚሽን በራሱ ክፉ አይደለም፣ እኔም እበላዋለሁ። ግን ሱቅ አለኝ፣ ሲሙ ባይሸጥ ቻርጀር እሸጣለሁ። እሷ ሌላ ምንም የላትም።

በሞባይል ገንዘብም ተመሳሳይ ነው። ፍሎቱ፣ ማለትም ለደንበኛ ለመላክና ለመክፈል ወኪሉ ቀድሞ የሚያስቀምጠው ገንዘብ፣ የራሱ ነው። በሐሰተኛ መልእክት ከተሸወደ የሚከፍለው እሱ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር በግንቦት 2013፣ የሳፋሪኮም ኤም ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ከጀመሩ ወዲህ በየቀበሌው የወኪል ምልክት ተተክሏል። ኩባንያው ለወኪሎቹ ስለ ማጭበርበር ሥልጠና ይሰጣል ወይ? ሲጭበረበሩ የሚደውሉበት፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው አለ ወይ? ገንዘቡን ቶሎ ያግድላቸዋል ወይ? እነዚህን ለወኪሉ ጠይቁት፣ ሳይደብቅ ይነግራችኋል።

በሕጉ በኩል፣ "ወኪል" የሚለው ስም ብቻውን ነገሩን አይዘጋውም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል የሚለው አንድ ሰው በአሠሪው መሪነት ለክፍያ ሲሠራ ነው። ሰዓቱን የሚወስነው ኩባንያው ከሆነ፣ ቦታውን የሚመድበው እሱ ከሆነ፣ ስትቀር የሚቆጣት አለቃ ካለ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን ሠራተኛ ነች ብሎ መከራከር ይቻላል።

ሕጉ ራሱ ምን ይላል? ወለሉን ልወቅ።

ይኸው 1156/2011 ለሁለቱም ኩባንያዎች፣ ለኢትዮ ቴሌኮምም ለሳፋሪኮምም፣ ይሠራል። ኢትዮ ቴሌኮም የመንግሥት ልማት ድርጅት ቢሆንም ሠራተኞቹ እንደ ሲቪል ሰርቫንት አይታዩም። መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው 1.5 እጥፍ ይከፈላል፣ ከዚያ በኋላ ለሌሊቱ 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በበዓል 2.5 እጥፍ። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን፤ ለአባትየው ደግሞ 3 ቀን። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም።

ዝቅተኛ ደመወዝን አዋጁ በብር አልቆረጠውም፤ በደመወዝ ቦርድ እንዲወሰን ነው የተወው። ስለዚህ "ሕግ አክብረናል" የሚለው መልስ ደመወዝ ላይ ሲደርስ ባዶ ነው። ሕጉን አክብሮ በጣም ትንሽ መክፈል ይቻላል። እዚህ ላይ ነው ኩባንያው በገዛ ፈቃዱ ምን እንዳደረገ የሚታየው።

ሠራተኛ ማህበር አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል?

በጣም። 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማህበር ማቋቋም መብት ነው። ኢትዮጵያ የመደራጀት ነፃነትንና የኅብረት ድርድርን የሚመለከቱትን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 87 እና 98 ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፣ ጉዳዩ አዲስ አይደለም።

ቴሌኮም ላይ ግን አንድ ለየት ያለ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። አዋጁ ቴሌኮሙኒኬሽንን ከሆስፒታል፣ ከውሃ፣ ከመብራትና ከእሳት አደጋ ጋር አንድ ላይ "እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት" ውስጥ አስቀምጦታል። እነዚህ ዘርፎች ውስጥ ሥራ ማቆም አድማ አይፈቀድም። ማለት፣ የቴሌ ሠራተኛ አድማ ሲያደርግ አላየሁም፣ ስለዚህ ደስተኛ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ቢከፋውም አያደርግም።

ስለዚህ ሌላ ምልክት ፈልጉ። የኅብረት ስምምነት አለ? ታድሷል ወይስ ዘመኑ አልፎ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል? የማህበሩን አመራር ሠራተኛው ያውቀዋል? አንድ የማህበር ተወካይ ከአለቃ ጋር በተጋጨ ማግሥት ወደ ሩቅ ቅርንጫፍ ከተዛወረ፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋችሁም።

የውጭ ኩባንያ ይሻላል ወይስ የመንግሥት?

ይህን ጥያቄ ሰው እንደ እግር ኳስ ነው የሚጠይቀኝ። አንዱ "ፈረንጅ ሠራተኛ ያከብራል" ይላል። ሌላው "የመንግሥት ቢያንስ አያባርርም" ይላል። ሁለቱም ተረት ነው።

ፈረንሳይ ቴሌኮምን ውሰዱ፣ ዛሬ ኦሬንጅ የሚባለውን። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 ባሉት ዓመታት 22 ሺህ ሠራተኛ ለመቀነስ አቀደ። ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኛ የነበሩ ስለሆኑ እንዲሁ ማሰናበት አይቻልም ነበር። ታዲያ ምን ተደረገ? ሰውን በራሱ ፈቃድ እንዲወጣ ማስመረር። መሐንዲሱን ስልክ አንሺ ማድረግ፣ ከቤተሰቡ ርቆ እንዲሄድ ማዛወር፣ ጠረጴዛውን ማንሳት። ሥራ አስኪያጁ ዲዲዬ ሎምባር ለአለቆቹ ሰዎቹ በበርም በመስኮትም ይወጣሉ የሚል ንግግር አድርጎ ነበር። ብዙ ሠራተኞች ራሳቸውን አጠፉ። ፍርድ ቤቱ የመረመረው የ39 ሰዎችን ጉዳይ ነው፤ ከእነሱ 19ኙ ሕይወታቸውን ያጠፉ ነበሩ። በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ፍርድ ቤት ኩባንያውንና ኃላፊዎቹን በተቋም ደረጃ ሠራተኛን በማሰቃየት ጥፋተኛ አላቸው። ኩባንያው ላይ የተጣለው ቅጣት 75 ሺህ ዩሮ ነው። የሚያስቅ ገንዘብ ነው፣ ግን ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ ያ ነበር።

ለምን አነሳሁት? ያው ኩባንያ እኛም አገር ነበር። በኅዳር 2003 የቀድሞው የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ፈርሶ ኢትዮ ቴሌኮም ሲቋቋም ማኔጅመንቱን በኮንትራት የያዘው ፈረንሳይ ቴሌኮም ነው። በዚያ ሽግግር ከነባሮቹ ሠራተኞች ሁሉም አልተሻገሩም። የዚያን ጊዜ የቀሩ ሰዎች ጎጃም ውስጥም አሉ፣ ዛሬም ሲያነሱት ይመራቸዋል። የፈረንሳዩን ወንጀል እዚህ ተፈጸመ ማለቴ አይደለም። ባለቤቱ መንግሥት፣ አስተዳዳሪው ፈረንጅ ሲሆንም ሠራተኛ ሊቀር ይችላል ማለቴ ነው።

በግንቦት 2013 በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ የፈቃዱን ጨረታ አሸነፈ፣ በመስከረም 2015 አዲስ አበባ ላይ በይፋ ሥራ ጀመረ። በጥምረቱ ውስጥ ቮዳፎንና ቮዳኮም፣ የጃፓኑ ሱሚቶሞ፣ የእንግሊዝ መንግሥት የኢንቨስትመንት ተቋምም አሉበት። ይህ አንድ ጥቅም አለው። እነዚህ ባለሀብቶች በአገራቸው በሕዝብና በፓርላማ ይጠየቃሉ፣ ስለ ሠራተኛ አያያዝ የጻፉት መመሪያ በአደባባይ አለ። እዚህ የሚሠራው ከዚያ ጽሑፍ ጋር ካልገጠመ ጽሑፉን አንስቶ መጠየቅ ይቻላል። የመንግሥቱ ድርጅት ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። የረጅም ዘመን ሠራተኛ፣ የቆየ ማህበር፣ በየወረዳው ቢሮ አለው። የሁለቱ መወዳደር በራሱ ለሠራተኛው ጥሩ ነው፤ አንዱ ጋ የተገፋ ቴክኒሻን ሌላው በር አለው። ከ100 ዓመት በላይ አንድ ቀጣሪ ብቻ በነበረበት ዘርፍ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

"ምርጥ አሠሪ" የሚል ሽልማት ካገኙስ?

እንኳን ደስ አላችሁ በሏቸው። ከዚያ ወደ ጥበቃው ተመለሱ። ለተማሪ ደብተርና ቦርሳ ማደልም ያው ነው። መልካም ሥራ ነው፣ ልጆቹ ይጠቀሙበታል፣ ግን የራስን የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ አይተካም።

ሥነ ምግባር ሲባል ጉቦም ይጨመራል?

እንዴት አይጨመርም! ቴሌኮም ላይ ትልቁ ጉቦ ሲም መሸጫ ላይ የለም፣ መሣሪያ ግዢና ፈቃድ ላይ ነው። ጎረቤታችን ጅቡቲን ተመልከቱ። የስዊድኑ ኤሪክሰን ከመንግሥታዊው የቴሌኮም ድርጅት ጋር ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ውል ለማግኘት ለባለሥልጣናት ወደ 2.1 ሚሊዮን ዶላር ጉቦ እንደሰጠ በአሜሪካ አምኗል። ገንዘቡ ያለፈው በሐሰተኛ የማማከር ውልና ደረሰኝ ነው። ጅቡቲን ጨምሮ በአምስት አገሮች ለሠራው በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ሌላዋ የስዊድን ኩባንያ ቴሊያም በኡዝቤኪስታን ጉዳይ በ2017 እ.ኤ.አ. 965 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተደርጋለች።

ይህ ከሠራተኛው ጋር ምን ያገናኘዋል? እንዲህ ያለ ነገር መጀመሪያ የሚያየው የሒሳብ ሠራተኛ ነው። "ይህ ደረሰኝ አልገባኝም" ያለ ሰው ዕጣው ምን ይሆናል? ጠቋሚን የሚጠብቅ፣ ከአለቃው ውጭ ላለ አካል የሚደርስ መስመር ያለው ኩባንያና የሌለው ኩባንያ አንድ አይደሉም።

ኢንተርኔት ሲዘጋ ኩባንያውን ልውቀስ?

ጎጃም ውስጥ ይህን የማይጠይቅ የለም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ተማሪው መመዝገብ አቃተው፣ ነጋዴው ክፍያ አጣ፣ ውጭ ያለ ልጅ እናቱን በቪዲዮ ማየት ናፈቀው።

ዝጋ ብሎ የሚያዘው ኩባንያው አይደለም። ስለዚህ ትእዛዙን በኩባንያው አንገት ላይ አላንጠለጥልም። ግን የሚጠየቅበት ነገር አለው። ትእዛዙ በጽሑፍ መጣ ወይ ብሎ ጠይቋል? ለደንበኛው "ተዘግቷል" ብሎ በግልጽ ተናግሯል ወይስ "የቴክኒክ ችግር" ብሎ አለፈው? ያልተጠቀማችሁበት የወር ጥቅል ተራዘመላችሁ ወይስ በልቶት ቀረ? ደመወዙ በዳታ ሽያጭ ላይ ለተመሠረተው ወኪል በእነዚያ ወራት ምን ተደረገለት?

የመጨረሻውን አጥብቄ እይዛለሁ፣ ምክንያቱም ማንም አይጠይቀውም። መስኮት ላይ የተቀመጠችው ልጅ በየቀኑ የተናደደ ሰው ስድብ ተቀበለች። እሷም እኮ ቤቷ ስትገባ ኢንተርኔት የላትም። "ለደንበኛ ይህን ብላችሁ መልሱ" የሚል ወረቀት ሰጥቶ ብቻ ግንባር ላይ ያቆማት ኩባንያና አለቃው አብሯት ወጥቶ ሕዝቡን ያነጋገረ ኩባንያ ይለያያሉ። የጥገና ቡድኑም እንዲሁ። መንገድ ደህና ባልሆነበት ቀን "አልወጣም" ቢል ደመወዝ ይቆረጥበታል? ይህን ቴክኒሻን ለሆነ ዘመድ ጠይቁ።

የግል መረጃዬስ?

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የሚቆጣጠረውም የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መታወቂያችሁን ፎቶ ያነሳው ልጅ በግል ስልኩ ካነሳው አቁሙት። ኩባንያው የሥራ መሣሪያ ስላልሰጠው ሊሆን ይችላል፣ ያም ስለ ኩባንያው አንድ ነገር ይነግራችኋል።

አክሲዮን ገዝቻለሁ። ምን ልጠይቅ?

በጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም እስከ 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። 9,900 ብር ከፍላችሁ ከሆነ ባለቤት ናችሁ፣ ትንሽም ብትሆኑ። ትርፍ ስንት ነው ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። በኤጀንሲ የሚሠራው ሰው ቁጥር ስንት ነው? ባለፈው ዓመት በሥራ ላይ የሞተ ወይም የተጎዳ አለ? ከሠራተኛ ጋር ያላችሁ የፍርድ ቤት ክርክር ምን ያህል ነው? በአክሲዮን ድምፅ አታሸንፉም፣ አብላጫው የመንግሥት ነው። ጥያቄው ግን ይመዘገባል።

ሥራ ቀርቦልኛል። ሳልፈርም በፊት ምን ልይ?

ከሁሉ በፊት የቀጣሪውን ስም አንብቡ። ቃለ መጠይቁን ያደረገው ኩባንያና ውሉ ላይ ያለው ድርጅት አንድ ነው? ብዙ ልጆች "ቴሌ ገባሁ" ብለው ደግሰው፣ ኋላ ውሉን ሲያዩ የሌላ ድርጅት ሆኖ አግኝተውታል። ውሉ ለስንት ጊዜ ነው? ሥራው ቋሚ ሆኖ ውሉ በየስድስት ወሩ የሚታደስ ከሆነ ምክንያቱን ጠይቁ። ኮሚሽን ካለ መነሻ ደመወዝ አለው ወይስ ታርጌት ካልሞላ ባዶ ነው? ለታብሌቱና ለዕቃው መያዣ ገንዘብ አምጡ ከተባለ እኔ ብሆን አልፈርምም። የውሉን ቅጂ ያዙ። በጽሑፍ ውል ካልተሰጣችሁ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ ደብዳቤ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ከዚያ እዚያ የሠራ ሰው ፈልጉ። አሁን ያለውን ሳይሆን የወጣውን። ሲወጣ የመጨረሻ ክፍያው በስንት ጊዜ ተሰጠው? የሥራ ልምዱን ወረቀት ስንት ጊዜ አመላለሱት? ሠራተኛን ሲሸኙ የሚያሳዩት ባህርይ ሲቀበሉ ከሚያሳዩት ይበልጥ እውነት ነው።

እዚያው እየሠራሁ ተበደልኩ። የት ልሂድ?

መጀመሪያ በጽሑፍ ለአለቃችሁ፣ ቅጂውን ይዛችሁ። ማህበር ካለ ወደ ማህበሩ። ካልሆነ በከተማችሁ ወይም በዞኑ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ወደያዘው መሥሪያ ቤት፤ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አለ፣ ድርጅቱ ድረስ ገብቶ የማየት ሥልጣን አለው። የግል ክርክር የሚታየው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ አዋጁ ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ ይሰጥ ይላል። የጋራ ጥያቄ ከሆነ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል።

ቀኑን ግን ጠብቁ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በእውነቱ ሳይሆን በይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው ጊዜ በማለፉ፣ ነው። ከሥራ ተባርሬአለሁ፣ ልመለስ የሚል ጥያቄ ከተባረራችሁበት ቀን ጀምሮ 3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይወድቃል። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት ደግሞ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ነው። "ሽማግሌ ልኬአለሁ፣ አለቃውም እሺ ብሏል፣ እስኪ በዓሉ ይለፍ" እያላችሁ ፋሲካን ከተሻገራችሁ፣ ይርጋው ሽማግሌ አይጠብቅም። ሽምግልናውም ይቀጥል፣ ክሱንም ፋይል አስከፍቱ።